ደንበኛ ወይስ ባለቤት? በአየርላንድ የመንግሥት ውሃ ኩባንያ ላይ ስለ ተነሣው ክርክር የቀረበ ሒስ

በ2014 ዓ.ም. በአየርላንድ ሪፑብሊክ ከተሞች የውሃ ቆጣሪ ለመትከል የእግረኛ መንገድ የሚቈፍሩ ሠራተኞችና «ቆጣሪው በደጃችን አይተከልም» የሚሉ ነዋሪዎች ፊት ለፊት ተፋጠው ይውሉ ነበር። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 1 ቀን፣ ሕዝቡ 4 ሚሊዮን ተኩል ያህል በሆነው በዚህ አገር፣ ከ100 ሺህ በላይ እንደ ሆነ የተገመተ ሰው በየከተማው ለተቃውሞ ሰልፍ ወጣ። የሚገርመው ነገር ሰልፉ የተደረገበት ድርጅት የባዕድ ነጋዴ ንብረት አለመሆኑ ነው። «አይሪሽ ዎተር» የተባለው ይህ የውሃ ኩባንያ የአገሩ መንግሥት በ2013 ያቋቋመው፣ በመንግሥት እጅ ያለ ድርጅት ነበር። ከ2023 መጀመሪያ ወዲህ የሚጠራው በአየርላንድ ቋንቋ «ኢሽከ ኤረን» በሚለው ስሙ ነው፤ ትርጉሙም የአየርላንድ ውሃ ማለት ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታትና ወሮች ሁሉ በኤውሮጳ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስብልን እንለምናለን።

ስለዚሁ ክርክር የተሰጡት ማብራሪያዎች በሦስት ሊከፈሉ ይችላሉ። አንደኛው የመንግሥቱ ወገን ነው፤ ሕዝቡ ያለ ክፍያ መጠጣት ለምዶ መክፈልን እንቢ አለ ይላል። ሁለተኛው የተቃዋሚዎቹ ነው፤ ኩባንያው ውሃውን ውሎ አድሮ ለነጋዴ ለመሸጥ የተዘረጋ ወጥመድ ነበር ይላል። ሦስተኛው በ2016 የተሠየመው የሊቃውንት ኮሚሽን ነው፤ ጉዳዩን ከሁሉ በፊት የገንዘብ ምንጭ ጥያቄ አድርጎ ይመለከተዋል። እኛ ሦስቱን በየተራ ስንመረምር በእያንዳንዳቸው ውስጥ እውነት አግኝተናል። ዳሩ ግን ዋናው ነገር በሦስቱም ዘንድ የተዘለለ ይመስለናል። አሳባችንን ባጭሩ ብንገልጸው እንዲህ ነው፤ ኩባንያው አንዱን ሰው በሁለት ስም ጠራው። ገንዘብ በፈለገ ጊዜ «ደንበኛ» አለው፤ ትዕግሥት በፈለገ ጊዜ ደግሞ «ባለቤት» አለው። ደንበኛ ዕቃው ካልጣመው ወደ ሌላ ሱቅ ይሄዳል፤ ባለቤት ደግሞ ሒሳብ ይጠይቃል፣ ያጠፋውን ሹም ያስነሣል። የአየርላንድ ነዋሪ ግን ሌላ ሱቅ አልነበረውም፤ ሒሳብ የሚጠይቅበትም ወንበር አልተሰጠውም።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንዲሉ፣ በመጀመሪያ ኩባንያው ከመመሥረቱ በፊት የነበረውን እንመልከት።

፩. ከኩባንያው በፊት የነበረው ቧንቧ

በ1860ዎቹ ዓመታት የዱብሊን ከተማ ምክር ቤት በዊክሎ አውራጃ ከሚገኘው ከቫርትሪ ወንዝ ውሃ ጠልፎ ወደ ከተማው አመጣ። ሥራውን የመሩት የምክር ቤቱ የውሃ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ሰር ጆን ግሬይ ሲሆኑ፣ ሐውልታቸው በኦኮነል ጎዳና ላይ ቆሞ ይታያል። በክርክሩ ዓመታት ሰልፈኞች ደጋግመው የተመላለሱበት ጎዳና ይኸው ነው። ውሃ ላመጣለት ምክር ቤት ሐውልት ያየ ከተማ፣ ከ150 ዓመት በኋላ በውሃ ድርጅት ላይ ለምን ተነሣ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የውሃው ወጪ ለረዥም ዘመን የተሸፈነው በቤት ላይ ከሚጣል የአካባቢ ግብር ነበር። ይህ የመኖሪያ ቤት ግብር ከ1977 ምርጫ በኋላ፣ በ1978 ተሻረ። የአካባቢ ምክር ቤቶች ገቢያቸው ስለ ጐደለ፣ በ1983 በወጣ ሕግ ለአገልግሎት ዋጋ እንዲያስከፍሉ ተፈቀደላቸው። በዱብሊን ዙሪያ ያሉት ምክር ቤቶች በ1994 የውሃ ክፍያ ባስገቡ ጊዜ ነዋሪው በብርቱ ተቃወመ። በ1996 በምዕራብ ዱብሊን በተደረገው የማሟያ ምርጫ የተቃውሞው መሪ ሚስተር ጆ ሂጊንስ ለጥቂት ሳያሸንፉ ቀሩ። መንግሥቱም ወዲያው አሳቡን ለውጦ በ1997 የመኖሪያ ቤት የውሃ ክፍያን አስቀረ፤ በምትኩም የመኪና ግብር ገቢ ለአካባቢ ምክር ቤቶች እንዲውል አደረገ። እንግዲህ «ለውሃ ከፍለን እናውቃለን፤ በሌላ ስም እየከፈልን ነው» የሚለው የሰልፈኞቹ ቃል ከባዶ የተነሣ አልነበረም።

በሌላ በኩል ግን ነገሩን ከአንድ ወገን ብቻ እንዳናይ መጠንቀቅ አለብን። በገጠር የሚኖር ብዙ ሰው ጕድጓድ በራሱ ገንዘብ አስቈፍሮ፣ ወይም ከጎረቤቶቹ ጋራ የውሃ ማኅበር አቋቁሞ ወጪውን ሲሸፍን ኖሯል። የንግድ ቤቶችና የእርሻ ባለቤቶችም ለውሃ ከመክፈል አልተለዩም። ከክፍያ ነጻ የነበረው በመንግሥት ቧንቧ የሚጠቀመው የመኖሪያ ቤት ነው።

የቧንቧውም ሁኔታ ደህና አልነበረም። ውሃውን ለየብቻቸው የሚያስተዳድሩት 34 ምክር ቤቶች ነበሩ። ከማጣሪያ ከወጣው ውሃ ግማሽ ሊሆን ጥቂት የቀረው ከቤት ሳይደርስ በመሬት ውስጥ ይፈስ ነበር። በ2007 በጎልዌይ ከተማ ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለው የሆድ በሽታ ተሐዋሲ በውሃው ውስጥ ተገኝቶ፣ ሕዝቡ አምስት ወር ያህል ውሃ እያፈላ እንዲጠጣ ተገደደ። በሮስኮመን አውራጃ ይኸው የማፍላት ትእዛዝ በአንዳንድ ቀበሌዎች ለዓመታት ጸንቶ ቈየ። ፍሳሻቸውን ሳያጣሩ በቀጥታ ወደ ባሕርና ወደ ወንዝ የሚለቁት ከተሞችና መንደሮች ከ40 በላይ ነበሩ። ከዚህ የተነሣ አንድ አገር አቀፍ የውሃ ድርጅት ማቋቋም ያስፈልግ ነበር ወይ ተብለን ብንጠየቅ፣ ያለ ማመንታት አዎን እንላለን። ሒሳችን በድርጅቱ መኖር ላይ አይደለም፤ በአመሠራረቱ ላይ ነው።

፪. የኩባንያው አመሠራረት

በ2010 መጨረሻ የአየርላንድ ባንኮች ወድቀው የአገሩ ግምጃ ቤት ሊነጥፍ በደረሰ ጊዜ፣ መንግሥቱ ከኤውሮጳ ኅብረትና ከዓለም አቀፍ የገንዘብ ድርጅት ጋራ የ85 ቢሊዮን ዩሮ መርሐ ግብር ተዋዋለ። ከውሉ ግዴታዎች መካከል በመኖሪያ ቤቶች ላይ የውሃ ክፍያ ማስገባት አንዱ ነበር። ውሉን የፈረመው በፊያና ፎል ፓርቲ የሚመራው መንግሥት ሲሆን፣ በ2011 ሥልጣን የያዙት ፊነ ጌልና ሌበር ፓርቲዎች ደግሞ ፈጻሚዎቹ ሆኑ። እንግዲህ ሕዝቡ ስለ ውሃ ክፍያ በመጀመሪያ የሰማው ከባንኮች ዕዳ ጋራ ተጣምሮ ነው። የውሃ ቢል የባንክ ዕዳ መስሎ ቢታየው የሕዝቡ ጥፋት ብቻ ነው ለማለት እንቸገራለን።

አዲሱ ድርጅት ቦርድ ጋሽ በተባለው የመንግሥት ጋዝ ኩባንያ ሥር እንዲቋቋም ተወሰነ። በ2013 ሁለት ሕጎች ወጡ። የመጀመሪያው ኩባንያውን ፈጠረ፤ ሁለተኛው የምክር ቤቶቹን ቧንቧና ማጣሪያ ወደ እርሱ አዛወረ። በትውልዶች ግብር የተሠራውን ይህን ሁሉ ንብረት የሚያዛውረው ሁለተኛው ሕግ በዲሴምበር ወር በጥቂት ሰዓቶች ክርክር ብቻ በፓርላማው እንዲያልፍ በመደረጉ፣ ተቃዋሚዎች አዳራሹን ጥለው ወጡ። በእኛ አስተያየት የኋላው ጠብ ሁሉ ዘር የተዘራው በዚህ ዕለት ነው። የንብረቱ ባለቤት ሕዝብ ከሆነ፣ የባለቤቱ እንደራሴዎች ውሉን አንብበው ለመከራከር ጊዜ ሊያገኙ ይገባ ነበር።

ወር ሳይሞላ፣ በጃኑዋሪ 2014፣ የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ሚስተር ጆን ቲርኒ በራዲዮ ቀርበው ሲጠየቁ፣ በመጀመሪያው ዓመት ለአማካሪዎች ብቻ 50 ሚሊዮን ዩሮ ያህል መውጣቱን ገለጹ። በአማካሪ ገንዘብ ማውጣት በራሱ ነውር አይደለም፤ ለአንድ አገር ሕዝብ የሒሳብና የደንበኛ መዝገብ ማዘጋጀት ቀላል ሥራ አይደለምና። ነገር ግን ይህን የሚያህል ወጪ ባለቤቱ የሰማው በራዲዮ ጥያቄ መካከል መሆኑ ትልቅ ጉድለት ነው። ከዚያ በኋላ ኩባንያው ነዋሪዎች ሲመዘገቡ በታክስና በማኅበራዊ ዋስትና መዝገብ ላይ ያለውን የግል መለያ ቍጥራቸውን እንዲሰጡ ጠየቀ። ብዙዎች አንሰጥም አሉ፤ ኩባንያውም በኖቬምበር 2014 ጥያቄውን ተወ። ሚኒስትሩ ሚስተር ፊል ሆገን ደግሞ የማይከፍል ቤት የውሃው ኀይል እስኪንጠባጠብ ድረስ ሊቀነስበት እንደሚችል ተናግረው ነበር። እነዚህን ሦስት ነገሮች አብረን ስናያቸው፣ ኩባንያው በሕዝብ ስም ወጪ ያወጣል፣ እንደ መንግሥት የዜጋን መዝገብ ይጠይቃል፣ እንደ አበዳሪም ያስፈራራል ማለት ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው የሥራው ቅደም ተከተል ነው። ቧንቧው ግማሽ ያህሉን ውሃ እያፈሰሰ ሳለ፣ ለነዋሪው ዓይን በመጀመሪያ የታየው ሥራ የቆጣሪ ተከላ ሆነ። ከ2013 ጀምሮ ወደ 880 ሺህ የሚጠጉ ቆጣሪዎች ተተከሉ፤ ወጪውም ከ400 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ሆነ። ቆጣሪ ጥቅም የለውም አንልም። ከግቢ ውስጥ የሚፈሰውን ውሃ ያመለከተው ቆጣሪው ነው፤ በ2015 የተጀመረው የመጀመሪያውን ብልሽት ያለ ዋጋ የመጠገን ዕቅድም የተመሠረተው በዚሁ ነው። ይሁን እንጂ በመንገድ ሥር የሚፈሰው የኩባንያው ውሃ ሳይጠገን በደጅ የሚፈሰው የነዋሪው ውሃ መቈጠሩ፣ በነዋሪው አእምሮ ምን ዓይነት ፍርድ እንደሚፈጥር መገመት አያስቸግርም።

፫. የመጀመሪያው ማብራሪያ፤ «ሕዝቡ መክፈል አይወድም»

መጀመሪያ የወጣው ታሪፍ በአሠራሩ መሠረት ያለው ነበር። ለንጹሕ ውሃና ለፍሳሽ አንድ ላይ በ1,000 ሊትር 4.88 ዩሮ ያስከፍላል፤ ለእያንዳንዱ ቤት በዓመት 30,000 ሊትር ያለ ዋጋ ይተዋል፤ ለሕፃናትም ተጨማሪ ይፈቅዳል። ብዙ የተጠቀመ ብዙ ይከፍላል፣ የቈጠበ ይጠቀማል የሚል አሳብ ነው። ክፍያው መቈጠር የጀመረው በኦክቶበር 1 ቀን 2014 ነበር። ከ10 ቀን በኋላ በዱብሊን በአሥር ሺዎች የሚቈጠር ሕዝብ ተሰለፈ። በዚያው ቀን ውጤቱ በተነገረው የደቡብ ምዕራብ ዱብሊን የማሟያ ምርጫም የውሃ ክፍያን በመቃወም የተወዳደሩት ሚስተር ፖል መርፊ አሸነፉ። በኖቬምበር 15 ቀን ደግሞ በጆብስታውን ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትሯ ሚሲስ ጆአን በርተን በመኪና ውስጥ ሳሉ በሰልፈኞች ተከብበው ለሰዓታት ቈዩ። በዚህ ነገር በሕገ ወጥ እገታ የተከሰሱት ሰዎች በጁን 2017 ነጻ ወጡ።

መንግሥቱ ነገሩ ሲጠናበት በኖቬምበር 19 ቀን 2014 አዲስ ውሳኔ አወጣ። ሚኒስትሩ ሚስተር አለን ኬሊ ባስታወቁት መሠረት፣ ብቻውን የሚኖር ሰው በዓመት ከ160 ዩሮ፣ ሌላው ቤተ ሰብ ከ260 ዩሮ እንዳይበልጥ ጣሪያ ተደረገ። ከዚህም በላይ ለተመዘገበ ቤት ሁሉ የውሃ ቍጠባ ርዳታ የሚባል 100 ዩሮ በዓመት እንዲሰጥ ተወሰነ። አንባቢ ይህን ሒሳብ ቆም ብሎ እንዲመለከትልን እንፈልጋለን። ጣሪያው ዝቅተኛ በመሆኑ፣ ከጣሪያው በላይ የሚጠቀም ቤት ውሃ ቢያባክንም ባያባክንም የሚከፍለው እኩል ሆነ፤ በብዙ መቶ ሚሊዮን ዩሮ የተተከለው ቆጣሪም ለእርሱ የሚቈጥረው ነገር አጣ። የቍጠባ ርዳታው ቈጥቧል አልቈጠበም ሳይባል የሚሰጥ ሆነ። እንዲያውም ተመዝግቦ ቢሉን ያልከፈለ ሰው ርዳታውን ሊቀበል ይችል ነበር። የከፈለው ባለ 160 ዩሮ በውጤቱ 60 ዩሮ ሲያወጣ፣ ያልከፈለው 100 ዩሮ አተረፈ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ቢል ከወጣ በኋላ በጁላይ 2015 የከፈሉት ቤቶች 43 በመቶ እንደ ሆኑ ኩባንያው ገለጸ። ይህን ቍጥር ሁለቱም ወገን ለራሱ ሊጠቅሰው ይችላል። እኛ ግን ከዚህ የምንማረው ሌላ ነገር ነው። በዚህ ሁሉ ቍጣ መካከል ከሕዝቡ ቀላል የማይባል ክፍል ከፍሏል፤ ስለዚህ «ሕዝቡ በባሕርዩ መክፈል አይወድም» የሚለው ማብራሪያ አይጸናም። ስኮትላንድን ብናይ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይገለጻል። በ2002 የተቋቋመው የስኮትላንድ ውሃ ድርጅት የመንግሥት ንብረት ነው። ነዋሪው ቤቱ በተመደበበት ደረጃ መሠረት ከአካባቢው ግብር ጋራ አብሮ ለውሃ ይከፍላል፤ አብዛኛው ቤትም ቆጣሪ የለውም። አከፋፈሉ ከቀድሞው የአካባቢ አስተዳደር የተወረሰ በመሆኑ እንዲህ ያለ ሁከት አላስነሣም። እንግዲህ ልዩነቱ በመክፈልና ባለመክፈል ላይ ሳይሆን በአጠያየቁ ላይ እንዳለ እንረዳለን።

መንግሥቱ በዚህ ሁሉ ድካም ሊያገኝ የፈለገውን ዋና ነገርም አላገኘም። ኩባንያ የተመረጠበት አንዱ ምክንያት የውሃው ብድር ከመንግሥት ዕዳ መዝገብ ውጭ እንዲጻፍ ነበር። ለዚህም ኩባንያው ከመንግሥት ድጎማ ይልቅ በገበያ ዋጋ የሚተዳደር ሆኖ መገኘት ነበረበት። የኤውሮጳ ኅብረት የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት የሆነው ዩሮስታት በጁላይ 2015 ጉዳዩን መርምሮ፣ ኩባንያው የገበያ ድርጅት አይደለም ሲል ወሰነ። የዋጋው ጣሪያ፣ የመንግሥት ድጎማና የ100 ዩሮው ርዳታ ለውሳኔው ከቀረቡት ምክንያቶች መካከል ነበሩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። ለብራስልስ «ይህ ንግድ ነው» ተባለ፤ ለሕዝቡ «ይህ የእናንተ ነው» ተባለ፤ ሁለቱም ሰሚዎች አላመኑም።

፬. ሁለተኛው ማብራሪያ፤ «ሊሸጡት ነው»

ተቃውሞውን ካስተባበሩት ዋነኛው «ራይት ቱ ዎተር» የተባለውና በአንዳንድ የሠራተኞች ማኅበሮች የተቋቋመው ዘመቻ ነበር። ክርክሩም ውሃ የሰው ልጅ መብት ነው፣ ቆጣሪና ቢል ወደ ሽያጭ የሚወስዱ ደረጃዎች ናቸው የሚል ነው። ፍርሃቱ መሠረት አለው። በጎረቤት አገር በእንግሊዝና በዌልስ በ1989 የውሃ ድርጅቶች ለግል ባለአክሲዮኖች ተሸጠዋል። ለሽያጭ የሚቀርብ ነገር በቅድሚያ ኩባንያ መሆን፣ ደንበኛና የተመዘገበ ገቢም ሊኖረው ይገባል፤ የአየርላንዱ አሠራር ይህን ሁሉ እያሟላ ሲሄድ ያየ ሰው ቢጠረጥር አይፈረድበትም።

ሆኖም ማስረጃውን ስንመዝን ሽያጭ አልተፈጸመም። በ2014 መጨረሻ የወጣውም ሕግ ኩባንያው ከሕዝብ እጅ እንዲወጣ ከታሰበ በቅድሚያ የሕዝብ ድምፅ እንዲሰጥበት ደነገገ። ተቃዋሚዎች ሕግ በሌላ ሕግ ይሻራል፣ ዋስትናው በሕገ መንግሥቱ ይጻፍ አሉ። ይህ አነጋገር ትክክል ይመስለናል። በ2016 ይህን የሚል ረቂቅ በፓርላማው የመጀመሪያውን ክርክር ቢያልፍም፣ በተከተሉት ዓመታት ለሕዝበ ውሳኔ ሳይቀርብ ቈየ። ኩባንያውን የሚሸጥ ከሌለ ዋስትናውን መጻፍ ለምን ይህን ያህል ከበደ? መልሱን ለአንባቢ እንተዋለን።

በተቃዋሚዎቹ ላይ የምናቀርበው ሒስ በሌላ በኩል ነው። ክፍያንና ሽያጭን አንድ ነገር አድርገው ስለ ተናገሩ፣ ክፍያው በቀረ ጊዜ ድሉ የተፈጸመ መሰለ። በፌብሩዋሪ 2016 ምርጫ ፊነ ጌል ከ76 ወደ 50፣ ሌበር ከ37 ወደ 7 መቀመጫ ወረዱ፤ ለዚህ ምክንያቱ ውሃ ብቻ አልነበረም፣ ውሃ ግን አንዱ ነበር። አዲሱ አናሳ መንግሥት የቆመው በፊያና ፎል ድጋፍ ሲሆን፣ በ2010 ክፍያውን ለማስገባት የተዋዋለው ይኸው ፓርቲ አሁን ክፍያው እንዲታገድ ጠየቀ። ክፍያውም በ2016 መካከል ታገደ። በ2017 ሕግ ጨርሶ ቀርቶ፣ ከከፋዮች የተሰበሰበው 170 ሚሊዮን ዩሮ ያህል ለ1 ሚሊዮን ለሚጠጉ ቤቶች ተመለሰ። ሰልፉ ተበተነ፤ የሚያፈሰው ቧንቧ ግን ባለበት ነበር። ስለ ቢል መቶ ሺህ ሰው ወጣ፤ ሳይጣራ ወደ ባሕር ስለሚለቀቀው ፍሳሽ ያን ያህል ሰው ሲሰለፍ አልታየም። በማርች 2019 የኤውሮጳ ፍርድ ቤት አየርላንድ ፍሳሽን ስለ ማጣራት ያለባትን ግዴታ በብዙ ከተሞች አልፈጸመችም ብሎ ሲፈርድ፣ ነገሩ በአደባባይ ይህን ያህል አልተሰማም። መብት ነው የተባለው ውሃ እስከ ብርጭቆ ድረስ ብቻ መብት ሆኖ ቀረ ማለት ነው።

፭. ሦስተኛው ማብራሪያ፤ የኮሚሽኑ ራፖር

በሚስተር ኬቨን ደፊ ሊቀ መንበርነት የተሰበሰበው የሊቃውንት ኮሚሽን ራፖሩን በኖቬምበር 2016 አቀረበ። ለመደበኛ የቤት ፍጆታ ወጪው ከጠቅላላው ግብር ይሸፈን፤ ከልክ በላይ የሚያባክን ብቻ ይክፈል፤ የሕዝብ ባለቤትነትም በሕገ መንግሥት ይጽና የሚል ነው። ራፖሩ ከዓመታት ጩኸት በኋላ በረጋ አነጋገር የቀረበ ሥራ በመሆኑ ምስጋና ይገባዋል። ነዋሪው አስቀድሞ በግብሩ የሚከፍል መሆኑንም አምኖ ተቀብሏል።

ጉድለቱ ግን የገንዘቡን ምንጭ በማግኘት ክርክሩን ያበቃ ይመስላል። ወጪው ከግብር ሲሆን ውሃ በየዓመቱ ባጀት ከሆስፒታልና ከትምህርት ቤት ጋራ ይሻማል። ሕመምተኛ ይጮኻል፣ ወላጅ ይጮኻል፤ በመሬት ውስጥ ያለ ቧንቧ ግን አይጮኽም። ስለ ቧንቧው የሚጮኽለት ባለቤቱ ነው፤ ባለቤቱም ሊጮኽ የሚችለው ሲያውቅ ነው። ከ2017 ሕግ በኋላ የውሃ ሸንጎና የውሃ አማካሪ አካል ተቋቁመዋል። እነዚህ በጎ ጅምር ናቸው። ነገር ግን ሥራቸው ማማከርና መዘገብ ሲሆን የመወሰን ሥልጣን የላቸውም።

ይህ ከወረቀት ያለፈ ጉዳይ መሆኑን ሁለት አጋጣሚዎች ያስረዳሉ። በኦክቶበርና በኖቬምበር 2019 ለዱብሊንና ለአካባቢው ውሃ የሚያቀርበው የሌክስሊፕ ማጣሪያ ተበላሽቶ፣ 600 ሺህ ያህል ሰዎች ውሃ እንዲያፈሉ ታዘዙ። በመጀመሪያው ጊዜ የማስጠንቀቂያ ደወል ደውሎ ሳለ በጊዜው እርምጃ የወሰደ አልነበረም። በኦገስት 2021 ደግሞ በዌክስፎርድ አውራጃ በጎሪ ከተማ ማጣሪያ መብራት ጠፍቶ፣ የክሎሪን መሣሪያውም ተበላሽቶ፣ በቂ መድኀኒት ያልገባበት ውሃ ለቀኖች ወደ ቤቶች ሄደ። በማጣሪያው የሚሠሩት የአውራጃው ምክር ቤት ሠራተኞች ነበሩ፤ ኀላፊነቱ ደግሞ የኩባንያው ነበር። ወሬው ለኩባንያውም ለጤና መሥሪያ ቤትም በጊዜው አልደረሰም። 52 ሰዎች መታመማቸው በምርመራ ተረጋገጠ። በዚያን ጊዜ የውሃ ክፍያ ከቀረ ዓመታት አልፈዋል። እንግዲህ ክፍያው በቢል ይሁን በግብር፣ ጠጪው ውሃው መመረዙን ከጠጣ በኋላ የሚሰማ ከሆነ፣ ባለቤትነቱ የት አለ?

፮. መደምደሚያ

ለኩባንያው የሚገባውን ብናስቀርበት ፍርዳችን ሚዛን ያጣል። ሥራው በአንድ እጅ በመሆኑ የትኛው ቧንቧ አስቀድሞ መለወጥ እንዳለበት በአገር ደረጃ ማየት ተችሏል። በ2018 46 በመቶ ይደርስ የነበረው የሚፈስ ውሃ በ2023 መጨረሻ ወደ 37 በመቶ ዝቅ ማለቱን ድርጅቱ ገልጿል። ፍሳሻቸውን ሳያጣሩ የሚለቁት ቦታዎችም ቍጥራቸው እየቀነሰ ሄዷል። ይህ የሚያሳዝንም የሚያጽናናም ነው። የሚያጽናናው ሥራው ሊሠራ የሚቻል መሆኑ ነው። የሚያሳዝነው ደግሞ ኩባንያው ከዚህ ጀምሮ ቢሆን ኖሮ የተለየ ታሪክ ልንጽፍ እንችል የነበረ መሆኑ ነው። አስቀድሞ የሚፈሰውን ጠግኖ፣ ወጪውን ለሕዝብ እንደራሴዎች ዘርዝሮ፣ የማፍላት ትእዛዝ ያለበትን ቀበሌ ነጻ አውጥቶ፣ ከዚያ በኋላ «የቀረውን አብረን እንክፈል» ቢል፣ እንቢ የሚለው ሰው ቍጥሩ ያነሰ ይሆን ነበር ብለን እናምናለን።

ከዚህ ክርክር የምናወጣው አሳብ አንድ ነው። አክሲዮኑ በመንግሥት ሣጥን ውስጥ መቀመጡ ብቻ አንድን ድርጅት የሕዝብ አያደርገውም። የሕዝብ የሚያደርገው ሦስት ነገር ነው፤ ሕጉ ሲወጣ በሚገባ መከራከር፣ ገንዘቡ ሲወጣ በጊዜው ማወቅ፣ አደጋ ሲደርስ ከሁሉ አስቀድሞ መስማት። እነዚህ ሦስቱ ባሉበት ክፍያ ምን ዓይነት ቢሆን መስማማት ይቻላል፤ በሌሉበት ግን 60 ዩሮም ይከብዳል።

ይህን መጽሔት ከሚያነቡት ጓደኞቻችን ብዙዎቹ ነገ በመሥሪያ ቤት ተቀምጠው ሕግ የሚያረቁ፣ ታሪፍ የሚያወጡ፣ ማጣሪያ የሚጠብቁ ይሆናሉ። በዚያን ጊዜ ከፊታቸው የሚቀርበው ወረቀት ላይ «ተጠቃሚ» ወይም «ደንበኛ» የሚል ቃል ሲያገኙ፣ ይህ ሰው ሌላ ስም እንዳለው ቢያስቡ ድካማችን ፍሬ አገኘ እንላለን። ውሃ ከፈሰሰ አይታፈስም፤ እምነትም እንደዚሁ ነው። በዚህ ጽሑፍ ስሕተት ያገኘ ወይም በፍርዳችን የማይስማማ አንባቢ ቢኖር፣ አሳቡን በሚቀጥለው እትም እንዲገልጽልን በአክብሮት እንጠይቃለን።